የፓሌንኬው ንጉሥ ፓካልና ፒራሚዱ

ፒራሚድ ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚሄደው ወደ ግብፅ ነው። ሆኖም ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ማዶ፣ በሜክሲኮ ደቡብና በጓቴማላ፣ ማያ የሚባሉት ሕዝቦችም በጫካ መካከል በርካታ ፒራሚዶችን ሠርተዋል። የማያ ፒራሚድ ግን እንደ ግብፁ ጫፉ ሹል አይደለም። እርከን በእርከን እየጠበበ ይወጣና አናቱ ላይ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ በዚያ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ቤተ መቅደስ ይቆማል። በዚህ የተነሣ ተመራማሪዎች የማያ ፒራሚድ የቤተ መቅደስ መቆሚያ እንጂ መቃብር አይደለም ብለው ለረጅም ጊዜ ያስተምሩ ነበር። ይህን ትምህርት ያፈረሰው ከሞተ ከ1,200 ዓመት በላይ የሆነው አንድ ሰው ነው። ስሙ ኪኒች ሃናብ ፓካል ይባላል። ፓካል ማለት በማያ ቋንቋ ጋሻ ማለት ነው።

በዚህ ጽሑፍ የፓካልን ሕይወትና ያሠራውን ፒራሚድ ባጭሩ እንመለከታለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

የተወለደባት ከተማ

ፓሌንኬ የምትገኘው በሜክሲኮ ደቡብ፣ በቺያፓስ ግዛት፣ በተራራ ግርጌ ነው። ፓሌንኬ የሚለው ስም ስፔኖች ከመጡ በኋላ የወጣ ነው። ጥንት ከተማይቱ ላካምሃ ትባል ነበር፤ ትርጉሙም ታላቅ ውሃ ማለት ነው። ስሙ በከንቱ አልተሰጣትም። ከተራራው የሚወርዱ ብዙ ምንጮችና ጅረቶች በከተማይቱ መሐል ያልፋሉ።

በዚያ ዘመን ማያዎች በአንድ ንጉሥ ሥር አልነበሩም። እያንዳንዱ ትልቅ ከተማ የራሱ ንጉሥ፣ የራሱ ሠራዊትና የራሱ አማልክት ነበረው። አንዱ ከተማ ሌላውን ይወጋል፣ ያስገብራል፣ ይማርካል። ከሁሉም ይበልጥ የሚፈራው ደግሞ በስተምሥራቅ የነበረው የካላክሙል መንግሥት ነበር። በ599 ዮል ኢክናል የምትባል ንግሥት በፓሌንኬ ትገዛ በነበረበት ጊዜ የካላክሙል ጦር ከተማይቱን ወጋ። ፓካል የተወለደው ከዚህ ጥቃት አራት ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 603 ነው። እናቱ ሳክ ኩክ ከንጉሣውያን ቤተሰብ ስትሆን፣ አባቱ ካን ሞ ሂሽ ግን ንጉሥ ሆኖ አያውቅም።

ፓካል ስምንት ዓመት ሲሞላው፣ በ611፣ የካላክሙል ጦር ዳግመኛ መጣ። ይኸኛው ጥቃት ከመጀመሪያው የባሰ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የፓሌንኬ ንጉሥ ሞተ፤ ወራሽ ለማግኘትም ችግር ሆነ።

የተቋረጠው ሥርዓት

ይህ ሽንፈት ለፓሌንኬ ሰዎች ምን ማለት እንደነበረ ለመረዳት የማያን እምነት ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። በማያዎች ዘንድ የንጉሥ ሥራ ግብር መሰብሰብና ጦር መምራት ብቻ አልነበረም። ንጉሡ በሕዝቡና በአማልክቱ መካከል የሚቆም ሰው ነበር። አማልክቱን ማልበስ፣ ማስጌጥ፣ ዕጣን ማጨስና መመገብ የእሱ ግዴታ ነበር። በተለይ ትልቅ በዓል የሚደረገው ካቱን የሚባለው የጊዜ ልክ ሲያልቅ ነው። አንድ ካቱን 7,200 ቀናት ይሆናል፤ ይህም 20 ዓመት ሊሞላ ጥቂት የሚጎድለው ነው። ስለዚህ አንድ ሰው በዕድሜው የካቱንን መዝጊያ የሚያየው ሦስት ወይም አራት ጊዜ ቢሆን ነው።

ከ611ዱ ጥቃት በኋላ የካቱን መዝጊያ በ613 ደረሰ። በኋላ ዘመን በፒራሚዱ ቤተ መቅደስ ውስጥ የተቀረጸው ጽሑፍ የዚያን ጊዜውን ሁኔታ በሐዘን ይተርካል። አማልክቱ ጌጣቸውን አላገኙም፤ መሥዋዕቱም እንደ ደንቡ አልቀረበም። እንግዲህ ለከተማይቱ ሰዎች ነገሩ ጦርነት ከመሸነፍ የባሰ ነበር። የጊዜ መዞሪያው ራሱ የተበላሸ ያህል ተሰማቸው ማለት ይቻላል።

የ12 ዓመት ንጉሥ

በሐምሌ 615 ፓካል ነገሠ። ዕድሜው ገና 12 ዓመት ነበር። በቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ላይ በነበረው ሞላላ የድንጋይ ቅርጽ ላይ ፓካል ሁለት ራስ ባለው የጃጓር ዙፋን ላይ ተቀምጦ፣ እናቱ ሳክ ኩክ ዘውዱን ስትሰጠው ይታያል። አባቱ ንጉሥ ስላልነበረ ሥልጣኑ ከየት እንደ መጣ ለሕዝብ ማሳየት አስፈላጊ ነበር፤ የመጣውም በእናቱ በኩል ነው። የ12 ዓመት ልጅ ብቻውን አገር ያስተዳድራል ማለት ስለማይቻል፣ ብዙ ተመራማሪዎች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እናቱ ከጎኑ ሆና ሥራውን እንደ መራች ያምናሉ። እሷ የሞተችው በ640 ነው።

ፓካል በ626 ጻክቡ አሐው የምትባል ሴት አገባ። ከልጆቹ መካከል ካን ባህላም በ635፣ ካን ሆይ ቺታም በ644 ተወለዱ፤ ሁለቱም በየተራቸው ከአባታቸው በኋላ ነገሡ።

ንጉሡ ለብዙ ዓመታት ትልቅ ሕንጻ እንዳሠራ የሚያሳይ ነገር የለም። የተሸነፈች ከተማ ማገገሚያ ጊዜ ያስፈልጋታል። የመጀመሪያው የታወቀ ሕንጻው በ647 የተመረቀ ሲሆን በዚያን ጊዜ ፓካል 44 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ሥራው አልቆመም። በ654 በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ዘውድ የሚጫንበትን አዳራሽ አስመረቀ። ሌሎች ቤቶችና አደባባዮችም ተጨመሩ። በከተማይቱ መሐል የሚያልፈው ጅረት አደባባዩን እንዳያጥለቀልቅ በድንጋይ በተሠራ ዝግ ቦይ ውስጥ እንዲሄድ ተደረገ። ይህ ሁሉ ሲሠራ ማያዎች የብረት መሣሪያ፣ የጭነት ከብትና ባለጎማ ጋሪ አልነበራቸውም። ድንጋዩን የጠረቡት በድንጋይ መሣሪያ ነው፤ የተሸከሙትም በሰው ጀርባ ነው።

በጦርነትም ቢሆን ፓሌንኬ እንደ ድሮው የምትወጋ ብቻ አልሆነችም። በ659 ምርኮኞች ወደ ከተማይቱ እንደ ገቡ በቤተ መንግሥቱ በተቀረጹት ጽሑፎች ላይ ይነበባል። በአደባባዩ ዙሪያም የተንበረከኩ ምርኮኞች ቅርጽ እስከ ዛሬ ይታያል።

ደግሞም የካቱን በዓሎች እንደ ደንቡ ተከበሩ። በ633፣ በ652ና በ672 የመጡትን መዝጊያዎች ፓካል ራሱ አከበረ። በ613 የጎደለውን እሱ ሞላው። ጽሑፎቹ ለእያንዳንዱ አምላክ የቀረበውን የራስ ጌጥ፣ የአንገትና የጆሮ ጌጥ አንድ በአንድ ይዘረዝራሉ። ነገሩ የንብረት መዝገብ ይመስላል፤ ሆኖም ለፓሌንኬ ሰዎች የተከፈለ ዕዳ ማስረጃ ነበር።

ፒራሚዱ

በ672 ሚስቱ ሞተች። ፓካል ያን ጊዜ 69 ዓመቱ ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ በ675 አካባቢ፣ ዛሬ የጽሑፎች ቤተ መቅደስ እየተባለ የሚጠራው ፒራሚድ ሥራ ተጀመረ።

አሠራሩን ልብ ብለን ብንመለከት ብዙ ነገር ያስተምረናል። በመጀመሪያ የተሠራው ፒራሚዱ ሳይሆን መቃብሩ ነው። ከአደባባዩ ወለል ዝቅ ባለ ቦታ ላይ ርዝመቱ 9 ሜትር፣ ቁመቱ 7 ሜትር ገደማ የሆነ ክፍል ተሠራ። በውስጡ ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተፈለፈለ ትልቅ ሣጥን ተቀመጠ። ሣጥኑና ክዳኑ በደረጃው መተላለፊያ ሊገቡ ስለማይችሉ፣ ክፍሉ ከመከደኑ በፊት እዚያ መቀመጣቸው ግድ ነበር። ከዚያ በኋላ ዘጠኙ እርከኖች በላዩ ላይ ተገነቡ። ከአናቱ እስከ መቃብሩ የሚወርድ ደረጃም በፒራሚዱ ሆድ ውስጥ ተተወ። ዘጠኝ የሆኑበትን ምክንያት ብዙ ተመራማሪዎች ማያዎች ከምድር በታች አለ ብለው ከሚያምኑት የሙታን ዓለም ዘጠኝ ደረጃዎች ጋር ያያይዙታል።

አናት ላይ ያለው ቤተ መቅደስ አምስት በሮች አሉት። በበሮቹ መካከል ባሉት ዓምዶች ላይ ትልልቅ ሰዎች ሕፃን ታቅፈው ይታያሉ፤ የሕፃኑ አንድ እግር እባብ ነው። እግሩ እባብ የሆነው ካዊል የሚባለው የመብረቅ አምላክ ነው። ሥዕሉ የዙፋን ወራሹን ለሕዝብ ማቅረብን እንደሚያሳይ ይገመታል። በውስጥ ግድግዳዎቹ ላይ ደግሞ 617 ሥዕላዊ ፊደላት የያዙ ሦስት ሰፋፊ የድንጋይ ሰሌዳዎች አሉ። ቤተ መቅደሱ ስሙን ያገኘው ከእነዚህ ነው።

እንግዲህ በበዓል ቀን የሚሆነውን በዓይነ ኅሊናችን እንመልከተው። ሕዝቡ ከታች በአደባባዩ ይሰበሰባል። ንጉሡና ካህናቱ በጠባቡና ቀጥ ባለው ደረጃ ይወጣሉ። ወደ ውስጥ የሚገቡት ጥቂቶች ናቸው፤ ሕዝቡ የሚያየው ከበሮቹ የሚወጣውን የኮፓል ጢስ ነው። ኮፓል እንደ ዕጣን የሚጨስ የዛፍ ሙጫ ነው። የማያ ነገሥታት በእንዲህ ያለው ሥርዓት በባልጩት ስለት ወይም በባሕር ዓሣ እሾህ ሰውነታቸውን ወግተው ደማቸውን በወረቀት ላይ ያንጠባጥቡና ያቃጥሉት ነበር። በእምነታቸው አማልክት ሰውን የፈጠሩት ዋጋ ከፍለው ስለሆነ፣ ሰውም በተራው መክፈል ነበረበት።

የንጉሡ ሞት

ፓካል በነሐሴ 683 በ80 ዓመቱ ሞተ። የነገሠው 68 ዓመት ነው። ሬሳው በድንጋዩ ሣጥን ውስጥ ተጋደመ፤ ሲናባር የሚባል ቀይ ዱቄትም ተነሰነሰበት። ፊቱ ጄድ ከሚባለው አረንጓዴ የከበረ ድንጋይ ቁርጥራጮች በተሠራ ጭምብል ተሸፈነ። በአፉ ውስጥ የጄድ ዶቃ ተደረገ፤ በአንድ እጁ ድቡልቡል፣ በሌላው ባለ አራት ማዕዘን ጄድ ያዘ።

ጄድ ለማያዎች ጌጥ ብቻ አልነበረም። አረንጓዴነቱ የበቆሎ ቡቃያና የውሃ ምሳሌ ነው። በማያ እምነት ሰው የተሠራው ከበቆሎ ነው፤ የበቆሎው አምላክም ሞቶ ከምድር በታች ወርዶ እንደ ገና ይበቅላል። ፓካልም እንደ ዘር ተዘራ እንጂ ተጥሎ አልቀረም ብለው ያምኑ ነበር። በሣጥኑ ጎኖች ላይ አያት ቅድመ አያቶቹ ከፍሬ ዛፎች ጋር ከምድር ሲወጡ ተቀርጸዋል፤ አንዱ ከካካዎ፣ አንዱ ከአቮካዶ፣ አንዱ ከዘይቱን ጋር። እናቱና አባቱም አሉበት። የሞተ ቤተሰብ የፍሬ አትክልት ሆኖ የሚታይበት እንዲህ ያለ ሥራ በሌላ ቦታ በቀላሉ አይገኝም።

ከመቃብሩ ተነሥቶ ከደረጃው ጎን ጎን እስከ ቤተ መቅደሱ ወለል የሚወጣ ከድንጋይ የተሠራ ቀጭን ቧንቧ አለ። ውስጡ ክፍት ነው። ከላይ የሚጸልዩት ሕያዋንና ከታች ያረፈው ንጉሥ እንዳይለያዩ የተሠራ መንገድ እንደሆነ ይታመናል። ስለዚህ ይህ ፒራሚድ መቃብርም ነው፣ ቤተ መቅደስም ነው፣ የታሪክ መዝገብም ነው። ልጁ ካን ባህላም በጥር 684 ነግሦ የቀረውን ሥራ ፈጸመ፤ ደረጃውም በድንጋይና በኖራ ተደፈነ።

አንድ ነገር ግን ዝም ብለን ማለፍ አይገባንም። በመቃብሩ በር አጠገብ በተገኘ የድንጋይ ሣጥን ውስጥ የአምስት ወይም የስድስት ሰዎች አጥንት ነበረበት። ንጉሡን እንዲከተሉ የተገደሉ ናቸው ተብሎ ይታመናል። ጄድም ጭምብልም አልተደረገላቸውም፤ ስማቸውም በ617ቱ ፊደላት ውስጥ የለም። ድንጋዩን የተሸከሙትም እንደዚሁ ስማቸው አልተጻፈም። የታላላቅ ሕንጻዎችን ታሪክ ስናስተምር ይህንንም መናገር ያስፈልጋል።

የጠፋው ንባብ

ከፓካል በኋላ ከተማይቱ ከመቶ ዓመት በላይ ቆየች። በዘጠነኛው መቶ ዓመት ግን ሰዎች ለቀዋት ሄዱ፤ ጫካም ዋጣት። ማያዎች ግን አልጠፉም። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ማያዎች ዛሬም ቋንቋቸውን እየተናገሩ ይኖራሉ፤ ቾል ተናጋሪዎች በፓሌንኬ አካባቢ ይገኛሉ። የጠፋው ፊደሉን ማንበብ ነው። በ1562 ዲዬጎ ዴ ላንዳ የተባለ ስፔናዊ መነኩሴ ማኒ በምትባል ከተማ የማያ መጻሕፍትን ሰብስቦ አቃጠለ። ከዚያ ዘመን ተርፈው እስከ እኛ የደረሱት አራት መጻሕፍት ብቻ ናቸው። የሚያስተምር ሰው ሲጠፋ በድንጋይ ላይ የተቀረጸውም ዝም አለ።

በ1949 አልቤርቶ ሩስ የተባለ የሜክሲኮ የአርኪዮሎጂ ባለሙያ በቤተ መቅደሱ ወለል ላይ ካሉት ድንጋዮች በአንዱ ላይ የተደፈኑ ቀዳዳዎች እንዳሉ ልብ አለ፤ ግድግዳውም ከወለሉ በታች እንደሚቀጥል ተመለከተ። ድንጋዩ ሲነሣ ደረጃ ተገኘ፤ ነገር ግን ጢም ብሎ ተደፍኗል። ለመጥረግ አራት የሥራ ወቅቶች ፈጀ። በመጨረሻ በሰኔ 1952 መቃብሩ ተከፈተ። 5 ቶን ገደማ የሚመዝነው ክዳን የተነሣው በግንድና በመኪና ክሪክ ነው። ሩስ በ1979 ሲሞት በዚያው በፓሌንኬ፣ በፒራሚዱ ፊት ለፊት ተቀበረ።

መቃብሩ ሲገኝ የሟቹን ስም በትክክል የሚያነብ አልነበረም። የሚገርመው፣ በዚያው በ1952 ዩሪ ክኖሮዞቭ የተባለ የሌኒንግራድ ወጣት ምሁር የማያ ፊደላት ድምፅን እንደሚወክሉ የሚያስረዳ ጽሑፍ አወጣ። በ1960 ታቲያና ፕሮስኩሪያኮቭ ጽሑፎቹ የነገሥታትን ልደት፣ ንግሥናና ጦርነት እንደሚተርኩ አሳየች። በታኅሣሥ 1973 ደግሞ በፓሌንኬ በተደረገ ስብሰባ ሦስት ሰዎች አብረው ተቀመጡ። ሊንዳ ሼሊ በአላባማ የሥዕል መምህርት ነበረች፤ ፒተር ማቲውስ ተማሪ ነበር፤ ፍሎይድ ላውንስበሪ የቋንቋ ምሁር ነበር። በአንድ ከሰዓት በኋላ የፓሌንኬን ነገሥታት አብዛኞቹን በተራ አስቀመጧቸው። ፓካል ስሙን መልሶ ያገኘው ያን ጊዜ ነው። አንዲት የሥዕል አስተማሪና አንድ ተማሪ በዚህ ሥራ ውስጥ መኖራቸው ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።

ክርክሮች

በ1968 ኤሪክ ፎን ዴኒከን የተባለ የስዊስ ጸሐፊ በክዳኑ ላይ ያለው ሥዕል በመንኮራኩር የሚበርር ጠፈርተኛ ነው ብሎ ጻፈ። ነገሩ በዓለም ላይ ተወራ፤ እስከ ዛሬም የሚያምነው አለ። አንድ ቀን ከተማሪዎቻችን አንዱ ይህን ቢጠይቀን ምን እንላለን? መልሱ ከድንጋዩ ላይ ይገኛል። ከንጉሡ በላይ ያለው በመስቀል ቅርጽ የተሠራ የዓለም ዛፍ ነው፤ በጫፉ ወፍ አለችበት። ከበታቹ ያለው የተከፈተ የሙታን ዓለም መንጋጋ ነው። ልብሱና ጌጡ የበቆሎው አምላክ ነው። እነዚህ ምልክቶች በሌሎች የማያ ሥራዎች ላይ በብዛት ይገኛሉ። አንዱን ሥዕል ከወንድሞቹ ነጥሎ የሚያይ ሰው የፈለገውን ያይበታል።

ሁለተኛው ክርክር በዕድሜው ላይ ነው። መጀመሪያ አጥንቱን የመረመሩት ሰዎች ሟቹ ከ40 እስከ 50 ዓመት ይሆናል አሉ፤ ጽሑፉ ግን 80 ይላል። አንዳንዶች ጽሑፉ ንጉሥን ለማክበር የተጋነነ ነው ብለው ጠረጠሩ። በኋላ በተሻለ ዘዴ እንደ ገና ሲመረመር አጥንቱ የሸመገለ ሰው መሆኑ ተረጋገጠ፤ ጽሑፉም ታመነ።

ምርመራው በዚህ አላበቃም። በ1994 በአጠገቡ ባለው ሕንጻ ውስጥ በቀይ ሲናባር የተሸፈነች ሴት መቃብር ተገኘ፤ ብዙዎች የፓካል ሚስት ናት ይላሉ። የጄድ ጭምብሉ በታኅሣሥ 1985 ከሜክሲኮ ከተማ ሙዚየም ተሰርቆ በ1989 ተመልሷል። በ2016 ደግሞ ከፒራሚዱ በታች የውሃ ቦይ መኖሩ ተገለጸ። ታላቅ ውሃ በምትባል ከተማ ንጉሡ የተቀበረው ከሚፈስ ውሃ በላይ ነበር ማለት ነው።

ከፓካል ሕይወት ምን እንማራለን?

ፓካል የተሸነፈች ከተማ ተረክቦ በ68 ዓመት ትዕግሥት አነሣት። ይህ የሚደነቅ ነው። በሌላ በኩል በመቃብሩ በር የተገደሉት ሰዎች የዚያው ሥርዓት ክፍል ናቸው፤ ሁለቱንም አንድ ላይ መያዝ እንጂ አንዱን ደብቆ ሌላውን ማውራት ታሪክ አይባልም።

ከሁሉም በላይ ግን ለእኛ ለእጩ መምህራን የሚሆነው ትምህርት ይህ ይመስለኛል። የቤተ መቅደሱ ጸሐፊዎች ከ4,000 ዓመት በላይ ወደ ፊት ቆጥረው፣ የፓካል የንግሥና በዓል በ4772 እንደሚከበር በድንጋይ ላይ ጽፈዋል። ይህን ያህል ርቀው አስበው ነበር። ድንጋዩም ታማኝ ሆኖ ጠበቀ። የተበጠሰው ከአስተማሪ ወደ ተማሪ የሚተላለፈው ንባብ ነው፤ እሱ ሲበጠስ አንድ ሕዝብ የገዛ ንጉሡን ስም ከግድግዳ ላይ ማንበብ አቃተው። መልሶ ለመቀጠል የብዙ አገር ሰዎች ድካም ጠየቀ። ዛሬ ከማያ ወጣቶች መካከል የአባቶቻቸውን ፊደል እንደ ገና የሚማሩ አሉ። ጠመኔ ይዘን ሰሌዳ ፊት ስንቆም የያዝነው ሥራ ይኸው ነው፤ ከድንጋይ ይልቅ የሚያቆየው ልጅ ነው።

መልካም የጥናት ጊዜ ይሁንልን።